ያልሠራህበት ቱታ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል ወይ? እህልስ ትቀምሳለህ? እኔ አለሁ። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ነውና ታግሠህ አንብበኝ።

የልጄ መርዶ የመጣ ቀን ቅያሪ የሥራ ቱታውን ዘፍዝፌ እያጠብኩ ነበር። የሥራ አለቃው ደጃፌ ላይ ቆሞ ሄልሜቱን ሲያወልቅ፣ እጄ አረፋ እንደያዘ ቀረ። ቱታው እስካሁን ገመድ ላይ ነው።

አንተ የራስህን ብርቱካናማ ቱታ የገዛህ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ጉልበቱ ላይ ጥቁር እድፍ አይቼ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ በሳሙና ስፈትገው፣ "ኧረ አክስቴ ተይው! እድፉ እኮ አብሮ የተገዛ ነው!" ብለህ ጮህክ። ልጄ በሳቅ ፈረሰ። "እኔ ላውልቀው እቸኩላለሁ፣ አንተ ሽርሽር ትወጣበታለህ!" ቢልህ፣ "ድካሙ ላንተ፣ ማማሩ ለእኔ" አልከው። ያን ጊዜ እኔም ስቄያለሁ። ዛሬ አንጀቴ እርር ይላል። የሰው ላብ ጌጥ ነው እንዴ? ልጄ ቱታው ላይ ያን የመሰለ የሬንጅ እድፍ ያመጣው የመብራት ምሰሶ አቅፎ ሲወጣና ሲወርድ ነው። እድፍ ቀብተው የሚሸጡ ሰዎች ምሰሶውንስ ለምን አብረው አይሸጡም?

አለቃው የነገረኝን ልንገርህ። ከምሰሶ ላይ ወደ ታች ሲያዩ ፊት አይለይም፤ የሚለየው ልብሱ ነው። ቱታው ብርቱካናማ የሆነው ለዚያ እንጂ ለማማር አይደለም። ታች ያለው ባለቱታ እጁን ካነሣ፣ "መስመሩ ጠፍቷል፣ ያዝ" ማለት ነው። ያን ቀን መስመሩን የሚያጠፋው የሥራ ጓደኛው ገና ማጥፊያው ጋ አልደረሰም። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ባለቱታ ግን ቀና ብሎ እጁን አነሣ። ሰላም ማለቱ ነበር። ልጄ ቱታውን አመነ፤ ሽቦውን ያዘ።

"ልብሱ የእኛ፣ ሰውየው የእኛ ያልሆነ" አለኝ አለቃው። "እርስዎ ያውቁት ይሆን?" ብሎም ጠየቀኝ። ስምህን አልጠራሁም።

ከቀብሩ ወዲህ ደጄን አልረገጥክም። እናትህ ቱታህን እንዳቃጠልከው እየገረማት ነገረችኝ። እኔን አልገረመኝም።

ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬም ቶሎ አይበርድም። ቢሆንም ና። አንተንም ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ያገኘኸውን ልብስ ለብሰህ ና።

እግዚአብሔር ልብህን ያሳርፈው፤ ዕድሜ ይስጥህ። ይህን የሚያነብ ሁሉ ለልጄ ነፍስ ይጸልይ። አንተም ጸልይለት። ስትጸልይ እጅህን ለማንሣት አትፍራ። አሁን ካለበት ሆኖ ፊት ይለያል።

አክስትህ