የሕግ ኃላፊያችን ሞት እና እሳቸው ያላሳለፉት መግለጫ

ለድርጅታችን ሠራተኞች፣ ለተሳፋሪ ደንበኞቻችን እና ለሕዝቡ በሙሉ፤

የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅታችን የሕግ አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት፣ ሹፌሮቻችን «እትዬ ፍሬን» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን፣ ሲታከሙት በቆዩት የልብ ሕመም ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ድርጅቱ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እሳቸው ቢያዩት «ጥልቅ» የሚለውን ሰርዘው ከጎኑ «ስንት ሜትር?» ብለው ይጽፉበት ነበርና አውጥተነዋል። አዝነናል። ግራም ገብቶናል።

ግራ የገባን እሳቸው ከመጡ ወዲህ ከዚህ ድርጅት የወጣ መግለጫ ሁሉ፣ የመነሻ ሰዓት ማስታወቂያ ሳይቀር፣ በጠረጴዛቸው ሳያልፍ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን መግለጫ እንዲያዘጋጅ የተሰየመው ኮሚቴያችን ረቂቁን ሲጨርስ ከአባላቱ አንዷ እንደ ልማዷ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች፤ በራቸው ጋ ስትደርስ ትዝ ብሏት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር በቅጡ መጻፍ አልቻልንም። የሚከተለው እንደምንም የተጻፈ ነው።

ሟች ወደ ድርጅቱ ሲቀጠሩ የሕግ ክፍሉ ከጎማ መጋዘኑ ጎን ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሥራቸውም አንድ ብቻ ነበር፤ አውቶቡስ ሲጋጭ ፍርድ ቤት መቆም። ውል ሲፈረም፣ ሰው ሲቀጠር፣ አዲስ መስመር ሲከፈት የሚጠይቃቸው አልነበረም። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ግን «ሕግ ክፍል ይየው» ይባል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የአህጉራችን የድርጅት ሕግ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ይህንኑ ሲያነሱ፣ «እኛ ለቀብር ብቻ የምንጠራ ዘመድ ነን፤ ሠርጉን በወሬ ነው የምንሰማው» ብለው ተናገሩ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። በዕረፍት ሰዓት ከየአገሩ የመጡት ባለሙያዎች ከበዋቸው የየራሳቸውን መሥሪያ ቤት ጉድ ሲነግሯቸው አረፈዱ።

አዲሱ ጋራዥ በተመረቀበት ዓመት ማንም ሳይጠራቸው የሥራ አመራር ስብሰባ ገቡ። ወንበር አልነበረም፤ ከጸሐፊዋ ክፍል ራሳቸው ተሸክመው አመጡ። የስምሪት ኃላፊው «ምን አጠፋን ብለው ነው የመጡት?» ቢሏቸው፣ «እስክታጠፉማ አልጠብቅም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ሲሉ መለሱ። ቃለ ጉባኤው ይህን አልመዘገበም። ወንበሩ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከስብሰባ አዳራሹ ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬም እዚያው ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ማንሳትም የደፈረ የለም።

ትኬት በስልክ መሸጥ በጀመርንበት ዓመት፣ ሶፍትዌሩን ያቀረበው የውጭ ኩባንያ ባመጣው ውል ላይ ክርክር ቢነሳ የሚታየው ባሕር ማዶ ባለ ፍርድ ቤት እንደሆነ ተጽፎ ነበር። የተሳፋሪዎቻችንን ስልክ ቁጥርም ኩባንያው እንዳሻው እንዲጠቀምበት ይፈቅድ ነበር። እኛ ለመፈረም ቸኩለን ነበር፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል! እሳቸው ውሉን መለሱት። ኩባንያው አኮረፈ። የስምሪት ክፍሉም «ይህች ሴትዮ ፍሬን ናት» አለ። ስሙ የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው፤ ለስድብ ነበር። ሹፌሮቹ ግን ፍሬን ለምን እንደሚጠቅም ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ስሙን ወደዱትና «እትዬ» ጨመሩበት። ውሉ ከወራት በኋላ ተስተካክሎ ተፈረመ።

ከሥራቸው ሁሉ ለሕዝቡ የቀረበው የዕረፍት ደንቡ ነው። ይህን ደንብ ለማርቀቅ ሕግ መጽሐፍ ብቻ አላገላበጡም፤ ሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ገብተው፣ ሻይ እየጠጡ፣ ማን ከየት መጥቶ ስንት ሰዓት እንደተኛ እየጠየቁ ሰነበቱ። ደንቡ አጭር ነው። ስምሪት ክፍሉ ማንኛውንም ሹፌር ከማሰማራቱ በፊት «ደክሞሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» ያለውን ሹፌር ማንም ሊያዝዘው አይችልም። በስብሰባው ላይ «ሰነፍ ሁሉ ደክሞኛል ሊል ነው» የሚል ተቃውሞ ተነሳ። «ይበል ተዉት! የተኛ ሰነፍ ሰው ገጭቶ አያውቅም» አሉ። ደንቡ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

እዚህ ላይ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «በቃ፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝተን እንዝጋ፤ በሰው ሞት ላይ የቤት ጣጣ አይነሳም» አለ። በእርግጥም የዚህ ዓይነት መግለጫ እዚህ ጋ ያበቃል። ነገር ግን ሟች የመጨረሻ ሳምንታታቸውን ያሳለፉበትን ጉዳይ ዘለን አገልግሎታቸውን ዘረዘርን ብንል ከአንገት በላይ ማዘን ነው የሚሆነው። ስለዚህ እንቀጥላለን።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሳምንት ተሳፋሪ ከልክ በላይ በዛ። ዝግ ብሎ በመንዳት የሚታወቀውና ተሳፋሪዎች «ከእሱ ጋር የሄደ ስንቁን ይያዝ» እያሉ የሚቀልዱበት አንጋፋ ሹፌራችን «አባ ዝግታ» ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ገባ። ስምሪት ክፍሉ ወዲያውኑ እንዲመለስ አዘዘው። ደንቡ የሚያዝዘውን ጥያቄ የጠየቀው የለም። እሱ ግን ሳይጠየቅ፣ ሰው እየሰማ፣ «ደክሞኛል» አለ። «ወይ ንዳ፣ ወይ ቁልፉን አስቀምጥ» ተባለ። ነዳ። ከቀትር በኋላ ቁልቁለቱ ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ አውቶቡሱም ከመንገድ ወጥቶ ከመጋዘን ግንብ ጋር ተጋጨ። የሞተ የለም። የተጎዱ አሉ፤ አንዲት ልብስ ሰፊ እስከ ዛሬ ሆስፒታል ናት። አባ ዝግታ ታስሯል፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ከአደጋው በኋላ አንድ መግለጫ ተረቀቀ። «አደጋው የደረሰው በአሽከርካሪው የግል ቸልተኝነት ነው» ይላል። ለጋዜጦችም ለፍርድ ቤቱም ሊሰጥ ታስቦ ነበር። እንደ ደንቡ ወደ ሟች ጠረጴዛ ሄደ፤ እሳቸውም አላሳለፉትም። ለማንኛውም ረቂቅ የሚያነሱትን ጥያቄ ለዚህም አነሱ፤ «ይህን ዳኛ ፊት ቆሞ የሚያነበው ማን ነው?» ይልቁንም ጉዳዩ ወደ ሥራ አመራር ስብሰባ ተወሰደ። በስብሰባው ላይ «ለመሆኑ እርስዎ የማን ጠበቃ ነዎት?» ተባሉ። «የድርጅቱ ነኝ» አሉ። «ድርጅቱ ግን እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ያለነው ብቻ አይደለንም። መሪውን የያዘውም ድርጅቱ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊም ድርጅቱን አምና ነው የተሳፈረችው። ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ለማዳን አይደለም የቀጠራችሁኝ።» ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ። በሳምንቱ ሆስፒታል ገቡ።

በሞቱ ማግስት ያ ረቂቅ ከፋይሉ ወጥቶ በዋና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ከውጭ ጠበቃ ቀጥረን እንዲያቀርበው የሚል ሐሳብም አብሮ ቀረበ። አስከሬናቸው ገና ሳይቀበር! ይህን የምንጽፈው በሐዘን ብቻ አይደለም።

አርብ ከሰዓት ዋና ሥራ አስኪያጁና ከእኛም ጥቂቶች ለማጽናናት ወደ ቤታቸው ሄድን። አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ተቀበለችን። ስለ እናቷ መብትም ሆነ ስለ ጡረታ አልጠየቀችም። «የአባ ዝግታ ነገር ምን ደረሰ?» አለች። «እማዬ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር የምትጠይቀኝ እሱን ነበር።» ዋና ሥራ አስኪያጁ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው…» ብለው ጀመሩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። «እማዬ ይህን ቃል ስትሰማ ምን እንደምትል ያውቃሉ አይደል?» አለች። ያውቃሉ፤ ሁላችንም እናውቃለን። «በሂደት ላይ ነው ማለት ውሸቱ ገና አልበሰለም ማለት ነው» ይሉ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዓረፍተ ነገራቸውን አልጨረሱም። ቢሮ ሲደርሱ ኮሚቴውን ጠርተው ረቂቁን ቀደዱት።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳውቃለን። «የግል ቸልተኝነት» የሚለው መግለጫ አይወጣም። ሰኞ የሟች ምክትል የሆነው የሕግ ባለሙያ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ሹፌሩ ደክሞኛል ማለቱን፣ የዕረፍት ደንቡ መጣሱንና ትእዛዙ የድርጅቱ እንደነበር ይናገራል። «ቆሞ የሚያነበው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ዋና ሥራ አስኪያጁ «እኔ ነኝ» ብለዋል፤ አብረው ይቆማሉ። የስምሪት ኃላፊው በዚህ ውሳኔ አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸው እንዲጻፍ ጠይቀዋል፤ ይኸው ተጽፏል። ይህን በማድረጋችን ምን እንደሚከተለን አናውቅም። ፈርተናል።

ምክትላቸው ከላይ ያለውን አንቀጽ አንብቦ አስጠንቅቆናል። «እሳቸው ቢኖሩ፣ በሐዘን መግለጫ ውስጥ የእምነት ክህደት ቃል አይሰጥም ብለው ያወጡት ነበር» አለን። እውነቱን ነው። ያወጡት ነበር፤ ከነቁጣቸው! ታዲያ ይምጡና ያውጡት። በራቸውን ስንት ጊዜ አየነው።

ለልጃቸው፣ ለወንድሞቻቸው፣ በሕግ ክፍሉ ላሉ ባልደረቦቻቸው፣ በየአገሩ ባሉ ድርጅቶች ውስጥ ሳይጠሩ ወንበር ይዘው ለገቡ የሙያ አጋሮቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። በአደጋው ለተጎዱት ተሳፋሪዎቻችን፣ በተለይም ሆስፒታል ላለችው ልብስ ሰፊ፣ ምሕረትን እንለምናለን። ለአባ ዝግታም እንዲሁ፤ ለእትዬ ከሚያለቅሱት ሁሉ እሱ ብቻ ነው መቅበር የማይችለው።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ነገ ረፋዱ ላይ ይፈጸማል። ሸኚዎችን የሚያደርስ አውቶቡስ ከዋናው መናኸሪያ ይነሳል። የድርጅቱ ሰው ሲሞት ሸኚ የሚያደርሰው ሁልጊዜ አባ ዝግታ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሊጠይቁት ለሄዱት ባልደረቦቹ የላከው መልእክት ይህ ነው፤ «ነገ የሚነዳው ማን ነው? ማንም ይሁን ግድ የለኝም። ብቻ መጀመሪያ ጠይቁት።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ከሰዓት ወደ ሹፌሮች ማረፊያ ወርደው፣ ተረኛውን ሹፌር በራሳቸው አፍ «ደክሞሃል?» ብለው ጠየቁት። ሹፌሩ ብዙ አመነታ፤ ለእትዬ ሽኝት እምቢ ማለት ከብዶት ነበር። በመጨረሻ «አዎ፣ ደክሞኛል» አለ። ማንም አልተቆጣውም። ሌላ ሹፌር ተመድቧል።