ሦስት ጊዜ ያስደገማችኋት አሜን

ለተከበሩ አቶ ተካ፣
የ«ቅዳሜ ፈንጠዝያ» የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋና አዘጋጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ዝግጅትዎ ተመልካች ቁጥር ዕለት ዕለት ይጨምር ዘንድ፣ ሳቅም ከቤትዎ እንዳይጠፋ ከልብ እየተመኘሁ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። በአካል ቀርቤ ላነጋግርዎ ሞክሬ ነበር፤ በራፍ ላይ ያሉት ጥበቃዎች ግን በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገሩኝ። ስብሰባው በሰላም እንደተጠናቀቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ረስተውት እንደሆነ፣ ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት ላስታውስዎ። የሰባት ዓመቷ እህቴ ገላኔ ዱጉማ ከሁለት የሀና ማርያም ጎረቤት ልጆች ጋር ሆና፣ የጃፓን ሴት ዘፋኞችን አስመስላ ዘፍና ጨረሰች። ሙዚቃው ቆመ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «አሜን! ክብር ለጌታ ይሁን!» አለች። የመድረክ መሪዎ ጆኒ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ተነሥቶም ወደ ተመልካቹ ዞረና «ወገን፣ ጃፓኖቹ ጌታን ተቀበሉ!» አለ።

እርስዎ ባደጉበት አካባቢ ልጆች መጀመሪያ የሚወጡት ምን ዓይነት መድረክ ላይ እንደሆነ አላውቅም። በእኛ ቤት ልጅ መድረክን የምታውቀው በቤተ ክርስቲያን የልጆች መዘምራን ውስጥ ነው። ገላኔ ገና ቁመቷ ማይክሮፎኑ ጋ ሳይደርስ ጀምሮ ዘምራለች፤ መዝሙር ሲያልቅም ዓይን ይጨፈናል፣ እጅ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ አሜን ይባላል፣ ጉባኤውም መልሶ አሜን ይላል። ለእናንተ ዝግጅት ስትለማመድ እንደ ጃፓኖቹ ወገቧን ሰበር አድርጋ እጅ እንድትነሣ አስተምሬያት ነበር፤ እቤት ውስጥ አንድም ቀን አልሳተችም። መብራቱ ፊቷ ላይ ሲበራና ያን ሁሉ ሰው ስታይ ግን ሰውነቷ ከለመደው ውጭ ሌላ ማድረግ አልቻለም። እጇን ዘርግታ የቆመችው አሜን ብላችሁ እስክትመልሱላት ነበር። እናንተ በሳቅ መለሳችሁላት።

ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ልብሱ አመሰግናለሁ። እናቴ ወይዘሮ ገዲሴ ቀሚሶቹን ከጉልበት በታች አድርጋ ሰፍታቸው ነበር። የመልበሻ ክፍል ባለሙያዎ ግን «ጃፓኖቹ እንዲህ አይለብሱም» ብላ በመርፌ ቁልፍ ወደ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ የሦስቱንም ከንፈር ቀይ ቀባች። እኔ ከበር ውጭ እንድጠብቅ ስለታዘዝኩ ያየሁት መድረክ ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ገላኔ እየዘፈነች በአንድ እጇ ቀሚሷን ወደ ታች ስትጎትት አይታችሁ የጭፈራው ክፍል መስሏችሁ ከሆነ፣ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቋንቋ ዕውቀታችሁ አመሰግናለሁ። እኔ በቋንቋ ትምህርት የተመረቅኩ ሰው ነኝ፤ ጃፓንኛም እየተጣጣርኩ በራሴ ተምሬያለሁ። ልጆቹ የማያውቁትን እንደ በቀቀን እንዲደግሙ ስላልፈለግሁ ዘፈኑን ቃል በቃል አስረድቻቸዋለሁ። አባቴ አቶ ዱጉማ ዓለማዊ ዘፈን በቤቱ የማያስገባ ሰው ነው፤ እሱንም ያሳመንኩት ትርጉሙን አንብቤለት ነው። አንዲት ልጅ በዝናብ ቀን ጃንጥላ ይዛ ጓደኛዋን ባቡር ጣቢያ ትጠብቃለች፤ ዘፈኑ በሙሉ ይኸው ነው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ሰውን በዝናብ ቆሞ መጠበቅ ኃጢአት አይደለም፤ ይሂዱ» አለ። እናንተ ዘንድ መጥታ ገና ሳትዘፍን ጆኒ «በቻይንኛ ምን ምን ልትሉን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ገላኔ ጃፓንኛ መሆኑን አረመችው። «ያው ነው፣ ሁሉም ቺንግ ቾንግ ነው» አለ። እጅግ የጓጓችለትን ትርጉም ልትነግረው አፏን ስትከፍትም «እሱን ተይውና የኔ ቆንጆ፣ ቦይፍሬንድ አለሽ?» አላት። «የለኝም፤ ትልቅ እህት ነው ያለኝ» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድን ሕዝብና አንዲትን ሕፃን በአንድ ትንፋሽ ማዋረድ ልዩ ተሰጥኦ ስለሚጠይቅ፣ መድረክ መሪዎን በመምረጥዎ አደንቅዎታለሁ።

ሦስተኛው ላይ ጨዋነቴ ሊያልቅብኝ ስለሚችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጆኒ ከወለሉ ከተነሣ በኋላ «እስኪ አንዴ ድገሚልን፣ ነቢይት!» አላት። ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለ አንድ ሰው መብራቱን አደበዘዘው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹም የጉባኤ የሚመስል ዜማ ጀመረ። ይህ ሁሉ በድንገት የሆነ አይደለም፤ አንድ ሰው ምልክት ሰጥቷል፤ ማን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ገላኔ የተከበረች መስሏት በደስታ ደገመችው። «አልሰማንም!» ሲላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግማት አንድ ዓይኗን ከፈተች። ሰዉ የሚስቀው በእሷ መሆኑን ያየችው በዚያች በአንዲት ዓይኗ ነው። እጇ ግን እንደተዘረጋ ቀረ፤ ማንም አውርጂው አላላትም።

አራተኛ፣ በኢንተርኔት ስለለቀቃችሁት ቅንጭብ። ዘፈኑን በሙሉ ቆርጣችሁ ጥላችሁ፣ አሜኖቹን ብቻ ቀጣጥላችሁ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የፍየል ድምፅ ጨምራችሁ፣ «ጃፓናዊቷ ነቢይት በሀና ማርያም» የሚል ርዕስ ሰጥታችሁታል። ሰፈራችንን በስም በመጥቀሳችሁ የትምህርት ቤቷ ልጆች ብዙ ሳይደክሙ አግኝተውታል። ገና ከበሩ ስትገባ የፍየል ድምፅ እያሰሙ ይቀበሏታል።

ክቡር ሆይ፣ የሥራዎን ፍሬ የማየት ዕድል ስላላገኙ በአጭሩ ልንገርዎ። ቅንጭቡን ያዩ ምእመናን ልጅቷ በአምልኮ ያላገጠች መሰላቸው። አንዳንዶቹ እቤታችን ድረስ መጥተው፣ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው «የፌዝ መንፈስ፣ ልቀቃት!» እያሉ ገሠጹ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያላፌዘችው እሷ ብቻ ነበረች፤ የፌዝ መንፈስ ተገኘብሽ የተባለችውም እሷ ብቻ ናት። የልጆች መዘምራን አስተባባሪው ጋሽ ኮርሳ ደግሞ ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ከአገልግሎት ትረፍ አሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ከምን እንደምታርፍ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ጣቢያው ቅንጭቡን አንሥቶ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን በግልጽ ከተናገረ ሽማግሌዎቹን አሳምነው ይመልሷታል። የበዓል ልምምዱ ተጀምሯል። ጓደኞቿ ከልምምድ ሲመለሱ እሷ በአጥሩ ቀዳዳ ታያቸዋለች።

እኛ ቤት ከማዕድ በፊት አባት ይጸልያል፤ ማሳረጊያውን አሜን የምትለው የቤቱ ታናሽ ናት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አባቴ ጸልዮ ይጨርስና ይጠብቃል። ገላኔ ሳህኗን ታያለች። እሱም አይቆጣትም፣ በእሷ ፈንታም አይለውም፤ ቆርሶ ያጎርሳታል። በቤታችን ጸሎት ሳይዘጋ እንበላለን።

በስተመጨረሻ በጎፋ በኩል ሁለት ታክሲ ይዤ ቢሮአችሁ ስመጣ አንድ የዝግጅት አስተባባሪያችሁ ሊያነጋግረኝ ፈቀደ። በጣም ትሑት ሰው ነው። «እህቴ፣ ሕዝቡ እኮ ወዷታል፤ ኮሜንቱን አንብቢው» አለኝ። አነበብኩት፤ ብዙዎቹ ስቀዋል፣ ጥቂቶቹ ደግሞ እናቷን ሰድበዋል። ቅንጭቡ ይነሣልኝ ስለው «አሁን ገና ተመልካች እየሰበሰበ ያለ ቪዲዮ እንዴት ይነሣል?» አለ። ከዚያም የምሥራች እንደያዘ ሰው ፊቱ በራ፤ ለበዓል ልዩ ዝግጅት ክፍል ሁለት አስባችኋል፣ ክንፍ ያለው የመልአክ ልብስም ተዘጋጅቷል። እምቢ ስለው «እናንተ ግን ቀልድ አይገባችሁም እንዴ?» አለኝ። ይህ «እናንተ» እነማንን እንደሚጨምር ማብራሪያ ብጠይቅ ስልክ ተደወለለት።

እንግዲህ ክቡር አቶ ተካ፣ ልጆች ጃፓኖችን አስመስለው መዝፈናቸው የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ለማወቅ ጓጉተው፣ ያልለመዱትን ድምፅ ምላሳቸው እስኪለምደው ተለማምደው፣ አንድ ቃል እንኳ ሳያጎድሉ ዘፍነዋል። በዚያ መድረክ ላይ ሳይዘጋጅ የወጣው ደመወዝ የሚከፈለው ሰውዬ ብቻ ነበር።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ቅንጭቡ ይነሣ። ጆኒ በመጪው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ስሟን በሙሉ ጠርቶ እንዳስደገማትና እንደሳቀባት ይናገር። ያላሳያችሁት ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የፍየል ድምፅ ሳይጨመርበት፣ ይተላለፍ።

ከእንግዲህ «ሕዝቡ ወዷታል» የሚል መልስ አልቀበልም። ክፍል ሁለት የሚባል ነገር አልቀበልም። «ወዳችሁ መጣችሁ እንጂ ማን ጎተታችሁ» የሚለውንም አልቀበልም፤ እንግዳ ሆኖ የመጣ ልጅ በእንግድነቱ እንደማይዋረድ ሀና ማርያም ላይ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። በቤተ ክርስቲያናችንም በኩል እህቴ ያልሠራችውን ጥፋት ንስሐ ግቢበት መባሏን አልቀበልም፤ ይህን ለሽማግሌዎቹ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን ፊትዎን እንዳላይ ስለተከለከልኩ ጻፍኩልዎ። ልጅ አሜን ስትል አሜን ብሎ መመለስ ያቃተው ሰው፣ ቢያንስ ዝም ማለት ይችል ነበር።

ለሳቃችሁ ጤና፣ ለኪቦርድ ተጫዋቹም ጣቶች ብርታት እየተመኘሁ፣ ስብሰባዎ መካከል ስለገባሁ ደግሜ ይቅርታ በመጠየቅ፣

ከማይገባዎ አክብሮት ጋር፣
ራኬብ ዱጉማ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም

ግልባጭ፦
ለመልበሻ ክፍል ባለሙያዋ፣ የመርፌ ቁልፎቹን መልሳ እንድትወስድ፤
ለጆኒ፣ የሚያነብለት ሰው ካገኘ።

ማስታወሻ፦ «ለላቀ ተሳትፎ» ብላችሁ ለእህቴ የሰጣችኋት ምስክር ወረቀት እጅግ ጥሩ ወረቀት ነው። ጀርባው ባዶ ስለነበር የመደመር የቤት ሥራዋን ሠርታበታለች፤ ከጣቢያችሁ ካገኘነው ነገር ሁሉ ለልጅ የጠቀመው እናንተ ምንም ያልጻፋችሁበት ያ ጎን ብቻ ነው። ሌላ እንዳትልኩ፤ አንቀበልም።