አንድ ማንኪያ ለአባባ፣ አንድ ማንኪያ ለዓሣው

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

ከሰላምታ ኑዛዜ ይቅደም። ፀጉሬን በወጉ አበጥሬ፣ እግሬን ገጥሜ ተቀምጬ፣ የሚከተለውን ከባድ ጥፋት በገዛ እጄ እጽፋለሁ። አደራ ብለሽ ለተውሽልኝ ዓሣ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ያወጣሁለትም የአያታችንን የአባባን ስም ነው። ምን ላድርግ? አንቺ «ዓሣው» ብለሽ ብቻ ጥለሽው ሄድሽ። እኔ ደግሞ ባየሁት ቁጥር የታችኛውን ከንፈሩን ጥሎ አሸዋው ውስጥ ካለው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል፤ ማን አርፍዶ እንደ መጣ ሊይዝ የሚጠብቅ ይመስላል። ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት በር ላይ ከጨረሱ ጡረተኛ ዲሬክተር በቀር እንዲህ የሚቆም ፍጡር አላውቅም። ችግሩ የመጣው ስሙን ካወጣሁ በኋላ ነው። አፌ አንተ ማለት እምቢ አለኝ። አሁን ጠረጴዛውን በጣቴ አንኳኩቼ፣ ስማቸውን ጠርቼ፣ «ይውጡ፣ ምግብ ቀርቧል» ነው የምላቸው። እሳቸውም ስማቸውን ለምደው ከች ይላሉ።

ይህን ሸክም ካራገፍኩ በኋላ፣ እንዴት ነሽልኝ? ያ የማይለቅ ጉንፋን ለቀቀሽ? የክፍልሽ መስኮት አሁንም አልዘጋም እያለ ነው ወይስ አከራይሽ አንድ ቀን እንኳ ቃሏን ጠበቀች? በደንብ ትበያለሽ ወይስ ደረቅ ዳቦ እያኘክሽ ለእማዬ «ጠገብኩ» ትያታለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ካንቺ ናፍቆትና ከጨው በቀር የጎደለብን ነገር የለም። ናፍቆቱን በየጊዜው ስለምትሰሚው ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጨው ነው።

እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ክሊኒክ ውስጥ ለበሽተኛው ሁሉ ማር የሆነች ነርስ፣ ቤት ስትገባ የጦር አዛዥ ናት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የአባባን የደም ግፊት ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ጨው ከዚያው ቀን ጀምሮ ከቤታችን ተባረረ። አያታችን እማማ የጨው ብልቃጡን አቅፋ ለጎረቤት ስትሰጥ ልጅ ለማደጎ የምትሰጥ ትመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሾርባው አልጫ፣ ድንቹ አልጫ፣ ዕንቁላሉ አልጫ፣ ጨዋታችን ሳይቀር አልጫ ሆነ። አባባ አንድ ማንኪያ ይቀምሱና፣ የሰነፍ ተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው ወደ ምግቡ እያዩ «አላለፈም» ብለው ያስቀምጡታል።

ትንሿ ባሕርሽ ግን ሰላም ነበረች። ያቺን የብስኩት ካርቶን የምታክል የመስታወት አኳሪየም እንዳስተማርሽኝ ነበር የምይዛት። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይተንም ብለሽኛልና፣ በየጠዋቱ የጎደለውን በተጣራ ውሃ ብቻ እሞላለሁ። እሑድ እሑድ ጥቂት አሮጌ ውሃ እቀዳና፣ ጠረጴዛው ስር ካለው ከባሕር ጨው ከረጢት በልኩ በጥብጬ እተካለሁ። ውሃው የሚደርስበትን መስመር አባዬ በልብስ ስፌት ጠመኔው መስታወቱ ላይ አሰመረልኝ፤ ያውም ሱሪ የሚያሳጥር ይመስል ሁለቴ ለክቶ። ያቺ ዓይኗ የደከመ ባለ ብዙ እግር ሽሪምፕ ቀኑን ሙሉ አሸዋ እየዛቀች ጉድጓዱን ትጠርጋለች፤ ዓሣው ደጃፍ ቆመው ይጠብቋታል፣ ማለት ምንም አይሠሩም። ለሽሪምፗ ስም አላወጣሁም። እማማ አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ብዙ ካየቻት በኋላ ራሷ «ይቺስ እኔ ነኝ» ብላ ወደ ማድ ቤቷ ሄደች።

አሁን ልብሽን ያዢ፤ መጨረሻው ደህና ስለሆነ እንዳትደነግጪ። ጥፍር የምታክለዋ ኮራልሽ፣ ያቺ አበባ መሳይ የባሕር ፍጡር፣ ተዘጋች። መብራቱ ሲበራ ጣቶቿን ዘርግታ ትወዛወዝ የነበረችው፣ እንዳኮረፈ ሰው ፊቷን ሰብስባ ቀረች። ከዚያ ጠርዟ መንጣት ጀመረ። የባሕር ትምህርት መምህርሽ ጋ የነበረችው፣ ይቺ የተቆረጠችባት እናቷ እንደ ሞተችና የዘሯ ፍንጣቂ ይቺው ብቻ እንደ ቀረች የጻፍሽልኝ በዚያው ሰሞን ነበር። «እሷ ካለች ሁሉም አለ» ያልሽውን አንብቤ፣ ደብዳቤሽን አጥፌ፣ ለመመለስ አፈርኩ። ብዙ ጊዜ ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው እንጂ እንደ ጠረጠርሽው ፍቅር ይዞኝ አይደለም።

ምርመራዬን በእማማ ጀመርኩ። የዝንብ መድኃኒት ነፍታ እንደሆን ጠየቅኳት፤ «እኔ ዝንብ በፎጣ ነው የምመታ» ብላ ተቆጣችኝ። ቀጥዬ አባዬ ላይ ዞርኩ። ለመስታወቱ ክዳን ይሁን ብሎ ባለ ቁልፍ ልብስ ሰፍቶለት ነበር፤ አየር ከልክሎ ይሆናል ብዬ አወለቅኩት። የቁልፉን ቀዳዳ ሁሉ በእጁ የሰፋው ነበርና እስከ ማግስቱ አላናገረኝም። ኮራሏ ግን እንደ ተዘጋች ናት።

ከዚያ ጨው መለኪያውን አወጣሁ። ያቺን ውሃ ሲሞሉባት መርፌዋ የምትነሳ ፕላስቲክ ታስታውሻታለሽ? መርፌዋ ከአረንጓዴው መስመር ዘልላ ወጥታለች። አራገፍኳት፣ አጠብኳት፣ እፍ አልኩባት፤ ወይ ፍንክች። በዚያው ሳምንት እማዬ ሳሎን ውስጥ የደም ግፊት መለኪያዋን ታራግፋለች። ባትሪ ቀየረችለት፣ አባዬን ለካች፣ እማማን ለካች፣ እኔንም ለካች፤ ሁላችንም ደህና ነን። የአባባ ብቻ ወጥቷል። እሷ «ጨው ያልቀመሰ ሰው ግፊቱ በምን ወጣ?» እያለች መሣሪያዋን ትረግማለች፣ እኔ «ከልኩ በላይ ጨው ያልጨመርኩበት ውሃ በምን ከረረ?» እያልኩ የእኔን እረግማለሁ። ሁለታችን አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለት ዕቃ ስንራገም፣ ነገሩን የሚያገጣጥም አእምሮ ግን ከመካከላችን ጠፋ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በሆዴ የጠረጠርኩት አባባን ነው። አኳሪየምሽ የሬዲዮናቸውን ቦታ ከወሰደ ጀምሮ እንዳኮረፉ ናቸው። ይቺ ኮራል ከሞተች መስታወቱ ከጠረጴዛው ይነሳል፣ ሬዲዮኑ ወደ ቦታው ይመለሳል ብለው በቤተሰብ ፊት አውጀዋል። ስለዚህ ሆን ብለው አንድ ነገር ያደርጋሉ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን የሒሳብ መምህራችን ቀረና ቀደም ብዬ ወደ ቤት መጣሁ። እማማ ገበያ ወጥታለች፣ አባዬ ከስፌቱ፣ እማዬ ከሥራዋ። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አኳሪየሙ ፊት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የተቀቀለ ዕንቁላል ያለበት ሳህን፣ በአንድ እጃቸው የሻይ ማንኪያ። ያንቺ የባሕር ጨው ከረጢት ከጠረጴዛው ስር ተስቦ አፉን ከፍቷል። ከከረጢቱ ቆነጠሩና ዕንቁላሉ ላይ ነሰነሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ፊታቸው ላይ ያየሁት ጡረታ የወጡ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ማንኪያውን ሞልተው፣ በጣታቸው ጠርዙን አስተካክለው፣ ቀጥ አድርገው ኮራሏ አናት ላይ ውሃው ውስጥ ጨመሩት።

«እንካ፣ ይህ ያንተ ነው» አሉት ዓሣውን። «ከጓዳህ ወስጄ ብቻዬን ብበላ ነውር ነው።»

እታለም፣ ገባሽ? ኮራሏን ሊገድሏት አልነበረም። የዓሣውን ጨው እየሰረቁ ነበር፤ ግን ሐቀኛ ሌባ ናቸውና በየቀኑ ድርሻውን ሲሰጡት ከርመዋል። አንድ ማንኪያ ለእሳቸው፣ አንድ ማንኪያ ለእሱ። በዚህ ዓለም ላይ በፍትሕ ተገድላ ልትሞት የነበረች ብቸኛዋ ኮራል ያንቺ ናት።

ሳቄን ልይዘው ስል አመለጠኝ። አባባ ሳይዞሩ ስሜን ጠሩ። ሲቆጡ ስሜን እስከ አያት እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ፤ አያቴ ደግሞ እሳቸው ስለሆኑ ሁልጊዜ ራሳቸውንም አብረው ይቆጣሉ። ከዚያ «አሁን የዕረፍት ሰዓት ነው?» አሉኝ፤ የዕንቁላል አስኳል ግን ጢማቸው ላይ ነበርና ዲሬክተርነቱ አልሰመረላቸውም። አስቀምጬ አስረዳኋቸው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ የገባው እዚያው ይጠራቀማል፣ ካላወጡት አይወጣም አልኳቸው። እንደ ትጉህ ተማሪ አንገታቸውን ቀልሰው ሰሙኝ። ሳህኑን አዩት። መስታወቱን አዩት።

«እኔም ውስጥ አልተነነም ማለት ነው» አሉ።

እኔም ሳቄ ጠፋ። ኮራሏ ትሞት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። ይህቺ የማን ናት፣ ለምን ትሆናለች ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ጠየቁኝ። እናቷ እንደ ሞተችና የቀረችው እሷ ብቻ እንደሆነች ስነግራቸው ተነሥተው ባልዲ ንጹሕ ውሃ ይዘው መጡ፤ አሁኑኑ እንድንለቀልቃት። እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ቀስ በቀስ የከረረ ውሃ ቀስ በቀስ ካልለዘበ፣ ከጨው የተረፈችውን ድንጋጤው ይገድላታል ብለሽኝ ነበርና። ለሰው ልጅ ሁሉ «ቶሎ በሉ» ሲሉ የኖሩ ሰው ቀስ ማለትን ከጥፍር ከምታንስ ፍጡር ሊማሩ ሆነ።

ዝም እንድላቸው አንድ ሁኔታ አስቀመጥኩ፤ ለእማዬ ራሳቸው ይንገሯት። ተናገሩም፣ በራሳቸው ዘዴ። ራት ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሚያውቁት አንድ አዛውንት ሰው ከቤት እንስሳ ጨው ይወስድ እንደነበር ሰምተው ማዘናቸውን ገለጹ። እማዬ ቀና አላለችም። ለዚያ ለሚያውቁት ሰው ይንገሩልኝ፣ ከነገ ጀምሮ ዕንቁላሉን የማቀርብለት እኔ ነኝ አለች። ከረጢቱ አሁን እሷ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። እኔ እሑድ እሑድ እንደ መድኃኒት እየተለካልኝ እቀበላለሁ።

በየጠዋቱ አንድ ስኒ የከረረ ውሃ እያወጣሁ አንድ ስኒ የተጣራ እጨምር ጀመር። የመርፌዋን ማንበብ አባባ ያዙት። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸውን ጥለው መስታወቱ ፊት ይቆማሉ፤ ዓሣውም ከውስጥ እንዲሁ ይቆማሉ። ማን ማንን እየተቆጣጠረ እንደሆነ ለማወቅ አልተቻለም። መርፌዋ ዝቅ ስትል የእማዬም መሣሪያ እያደር ዝቅ አለ። አባባ ማናቸው ይበልጥ እንደ ወረደ ሲጠይቋት ሰምቻለሁ፤ ከዓሣ ጋር ውድድር ይዘው ነበር። ኮራሏ ግን ዝም። አንድ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጠው፣ ለሰነፍ ተማሪ በማይናገሩበት ድምፅ «አይዞሽ፣ እኔም ለምጄዋለሁ» ሲሏት ሰማሁና ያልሰማሁ መስዬ ወጣሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከክፍል ስወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። አባባ ከዘራቸውን ይዘው መሃል በር ላይ ቆመዋል፤ የድሮ ልማዳቸው ነውና የሚወጣው ተማሪ ሁሉ ሸሚዙን እየከተተ ያልፋል፣ ዘበኛው እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጓደኞቼ «አለቀልሽ» አሉኝ። ስጠጋ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ፣

«ተከፍታለች» አሉኝ። «ከጎኗም ሌላ ትንሽ አለች።»

ሰው ሁሉ እያየን ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ወደ ቤት ገሰገሱ፤ ፌንጣ የምትሉኝ እኔ ነኝ ከኋላ የቀረሁት። እውነትም ጣቶቿን ዘርግታለች፤ በነጣው ጠርዟ በኩል ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ራስ ብቅ ብላለች። ስታድግ አንዷ ለመምህርሽ ትሆናለች። አባባ ሬዲዮናቸውን ለዘለቄታው ማድ ቤት አስገቡት፤ ጩኸት ለልጅ አይስማማም አሉ።

እንግዲህ ሰላምታ። እማማ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ከሽሪምፗ ጋር «እኛ ብቻ ነን የምንሠራ» ይሉሻል። እማዬ ደረቅ ዳቦውን ሰምታለች፣ እኔ አልነገርኳትም፣ ራስሽን ተከላከዪ። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ ለልኬትሽ ከወፈርሽ ወይም ከከሳሽ አስታውቂው። አባባ አደራሽ ደህና እንደሆነች በጽሑፍ እንዳረጋግጥልሽ አዘውኛል፤ አረጋግጫለሁ። ለክፍል ጓደኛሽና ለዚያች ቃሏን ለማትጠብቅ አከራይሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ስለ ዓሣው ስም ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ አባባ ካወቁ እኔንም ከጠረጴዛው ያነሱኛል።

ታናሽሽ ፌንጣ
ከትንሿ ባሕርሽ ጎን፣ ከጠረጴዛው ጫፍ
ሰኔ 14 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ልጨምርልሽ የፈለግኩት፣ አባባ መርፌዋን ሊያነቡ መነጽራቸውን አድርገው አሁን ገቡ። ከኋላዬ ቆመዋል። መርፌዋን ያያሉ ብዬ ነበር፤ መነጽሩ ግን ወደ ወረቀቴ ያዘነበለ ይመስለኛል። ወደ መጀመሪያው ገጽ። ወደ መጀመሪያው መስመር። ጠረጴዛውን በጣታቸው አንኳኩ። ስሜን ጠሩ፣ የአባዬን ስም ጨመሩ፣ ከዚያ የራሳቸውን።

ዓሣው ከንፈራቸውን ጥለው ወጡ።