ስለ ወንዴው ሐረግ የተናዘዝሁት

እኔ፣ ስሜ በመታወቂያዬ ላይ እንደ ተጻፈው ሆኖ ሰፈሩ ግን «እትዬ ሚዛን» እያለ የሚጠራኝ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት የሆነ፣ በሙያዬ ጡረተኛ መድኃኒት ቀማሚ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነሐሴ ፳፬ ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ በወጥ ቤቱ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ምስክሮቼን ሰብስቤ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ዓመቱን ውል አዋዋዩ በሰነዱ ራስጌ ስላሰፈረው አልደግመውም። አእምሮዬ ጤናማ ነው። ለማስረጃ ያህል፣ ዛሬ ማለዳ አራቱም ምስክሮቼ የሚውጡትን ኪኒን ከነመጠኑ በቃሌ ነግሬአቸዋለሁ፤ ከአራቱ ሁለቱ ራሳቸው ረስተውት ነበር። የደከመችው ልቤ ብቻ ናት። ሐኪሙ «ዝግ ብላ ነው የምትመታው» ቢለኝ፣ «ስትሮጥ ኖራ አሁን ብትራመድ ምን ይደንቃል?» ብዬዋለሁ።

ይህ ቃል የሚሰጠው በለቀማ መካከል መሆኑ ይታወቅልኝ። ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው የሆፕስ ሐረግ አበባ ቀጠሮ አያውቅም፤ በደረሰ በሳምንቱ ካልተለቀመ ይደርቅና መዓዛው ይበናል። ውል አዋዋዩ ደግሞ ከዛሬ በቀር ጊዜ የለኝም አለ። ስለዚህ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ አደረግሁት። ስድስት ሜትር የሚረዝሙት ሐረጎች ከነገመዳቸው ከግድግዳው ወርደው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤ ምስክሮቹ እየለቀሙ ይሰማሉ። በወረቀቱ ላይ ቢጫ አሻራ ቢገኝ ከአበባው ልብ የሚወጣው ዱቄት ነውና ማንም የማጭበርበር ምልክት ነው እንዳይል። ውል አዋዋዩም «እኔም ልልቀም እንዴ?» ብሎ ነበር። «አንተ ጻፍ። እኔ ያልሁትንም፣ ሌላው ያለውንም ሁሉ ጻፍ» ብዬዋለሁ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው፤ ሕጉ ከዚያ ያነሰ አይቀበልም ተብያለሁ። አንደኛዋ ልጆቼን ፊደል ያስቆጠረችው ጡረተኛ መምህርት ናት። ሁለተኛው የመንገዱ ጥግ ጫማ ሰፊ፣ ሦስተኛው እርሾ ባለቀብኝ ቁጥር የማስቸግረው ዳቦ ጋጋሪ ነው። አራተኛው የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ በሙያው የቧንቧ ሠራተኛ፣ በአንድ ግንብ የምንለያይ ጎረቤቴ ነው። ሁለቱ ልጆቼም በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

አንደኛ፣ ስለ ቤቱ። ቤቱ ለሴት ልጄና ለወንድ ልጄ እኩል ነው፤ ምድሩ ለእሷ፣ ፎቁ ለእሱ። እሷ የጥርስ ሐኪም በመሆኗ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለችና ደረጃ አይጨመርባት። እሱ የከባድ መኪና ሹፌር በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላልና ደረጃው ለሆዱ መድኃኒት ነው። ወንድ ልጄ እዚህ ላይ «እማዬ፣ ሆዴም ኑዛዜ ውስጥ ገባ?» አለ። ገብቷል፤ ሆድህ ከአንተ ቀድሞ የማይገባበት የት አለ? ከፎቁ በላይ ያለው ቆጥ ግን አይከፈልም። አበባው በሽቦ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ የሚደርቀው እዚያ ስለሆነ፣ ለቀማ በመጣ ቁጥር ሁለቱም አብረው ይወጡበት ዘንድ የጋራ ይሁን። ስትኳረፉም እዚያ ውጡ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆሞ መጣላት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ስሰናበት የተሰጠኝ የነሐስ ሚዛን ለሴት ልጄ ይሁን። ልጅ ሳለች «ጣቴ ቢጫ ሆነ፣ ስልሰውም መረረኝ» እያለች ከለቀማ ትሸሽ ነበር፤ አድጋም ጓንት የሚጠለቅበት ሙያ መረጠች። ብዙ ዓመት በሆዴ ይዤባት ነበር፤ ዛሬ ትቼዋለሁ። እጇ አይንቀጠቀጥምና ለሚዛኑ ከእሷ የተሻለ ሰው የለም። ቢራው ሲጠመቅ፣ ሃያ ግራም አበባ ውኃው እንደ ፈላ ለምሬቱ፣ አሥራ አምስት ግራም ድስቱ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ለመዓዛው። ከዚህ ፈቀቅ ብትል ቢራው ይነግራታል።

ሦስተኛ፣ አርባ ሊትር የሚይዘው ድስትና የመስታወት ገንቦዎቹ ለወንድ ልጄ ናቸው። ለእሱ ስሰጥ ፍርሃት አለኝ። በሃያ ዓመቱ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ በጠርሙስ አሽጎ ደረጃው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ደረደረው፤ በስምንተኛው ቀን ሃያ ሁለት ጠርሙስ በየተራ ፈነዳ፤ የአባቱ የክት ኮትም አብሮ ሰከረ። አባቱ በደረጃው ላይ ተቀምጦ እየሳቀ እንባውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ልጄ ሆይ፣ ቢራ ጥድፊያ አይወድም። መኪናህንም እንዲሁ ንዳት።

አራተኛ፣ ስለ ሆፕሱ። እዚህ ላይ ውኃ ስጡኝ ብዬ ጠጥቻለሁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላልና በሆዴ ያለውን ሳላወጣ አልፈርምም።

ሆፕስ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ሐረግ ነው። ለቢራ የሚሆነው የሴቴዋ አበባ ብቻ ነው። ወንዴው ጥቃቅን ነጣ ያለ እንቡጥ ያወጣና ብናኙን በነፋስ በትኖ ይረግፋል። ብናኙ ያረፈባት ሴቴ ደግሞ ፍሬ ትቋጥራለች፤ ጠማቂ ፍሬ አይወድም። ስለዚህ ወንዴውን ባየበት ይነቅለዋል። ባለቤቴ ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ገዝቶ ካመጣቸው አምስት ሥሮች አንዱ ወንዴ ሆኖ ተገኘ። ነቅዬ ጣልሁት፤ ቁራጩ ግን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተርፎ ኖሮ በየዓመቱ ብቅ ሲል በየዓመቱ እቀጨው ነበር።

ባለቤቴ የሞተው የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ነው። በሁለተኛው ወር ዘመድ ወዳጅ እዚሁ ቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ ዋርሳዬ ብርጭቆውን አነሣና «እንግዲህ ይሄ ቢራ ከወንድሜ ጋር ተቀበረ። እሷማ ውኃ ከማቀበል ሌላ ምን ታውቃለች?» አለ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። በእጁ የያዘው ቢራ፣ ባለቤቴ ከተቀበረ በኋላ ብቻዬን የጠመቅሁት ነበር።

እውነቱን ልናገር። ባለቤቴ በሕይወቱ አንድ ድስት ቢራ ጠምቆ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው መቅዳት ነበር። እንግዳ ሲመጣ «የኔን ቢራ ቅመሱልኝማ» ሲል ፊቱ ይበራ ስለ ነበር ዝም አልሁ። እሱ ሲቀዳልኝ የገዛ ቢራዬ ለእኔም ይበልጥ ይጣፍጠኝ ነበር። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። እንግዲህ የዋርሳዬ ስሕተት ግማሹ የእኔ ዝምታ ነው። ያኔ ግን ይህን የሚያስብ ልብ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ዋርሳዬ መጥቶ «ከወንድሜ ሐረግ አንድ ሥር ስጪኝ፣ ማስታወሻ ይሁነኝ» አለኝ። ሆዴ እያወቀ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሄጄ ወንዴውን ቆፈርሁ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ «ይብቀልልህ» ብዬ ሰጠሁት።

ጫማ ሰፊው እዚህ ላይ መልቀሙን አቆመ። ልቀም ብዬዋለሁ።

በቀለለት። ከእኔዎቹ ይልቅ ለመለመለት። ዋርሳዬ የመዳብ ቧንቧ ቀጣጥሎ ምሰሶ አቆመለት፤ ፍግ አመጣለት፤ አፈሩን ሁለት ጊዜ ቀየረለት። አንድ ዓመትማ ራዲዮ አጠገቡ ከፍቶለት ይውል ነበር። በየዓመቱም በግንቡ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ዘንድሮም ረገፈብኝ። ምን ይሻላል?» ይለኛል። እኔም «ትዕግሥት» እለዋለሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ «ትዕግሥት» ብዬዋለሁ።

ቅጣቴም አልዘገየም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የእሱ ወንዴ ብናኙን በግንቡ ላይ እያሻገረ ሴቴዎቼን ፍሬ ያስቋጥራቸው ጀመር። «ንቀለው» እንዳልለው ሥራዬ ሊወጣብኝ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ቆጥ ላይ ተቀምጬ ፍሬውን ከአበባው ስለይ ወገቤ ተቆረጠ። ሰፈሩ «የእትዬ ሚዛን ቢራ እንዴት እንዲህ ይጠራል?» ሲል የሚያደንቀው ጥበቤን ይመስለዋል፤ ንስሐዬን ነው የጠጣው።

ስለሆነም ከሴቴዎቹ ሁሉ የበኩሯን፣ በግድግዳው ፀሐይማ ጥግ ያለችውን፣ ከነሥሯ ለዋርሳዬ ተናዝዣለሁ። በእነዚህ ሰዎች ፊትም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ውል አዋዋዩ ብዕሩን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ይሄ ነገር አይሆንም። ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ምንም ማግኘት አይችልም። እሳቸው ወይ ይፈርማሉ፣ ወይ ይወርሳሉ። ካልፈረሙ ደግሞ ሦስት ምስክር ብቻ ነው የሚቀረን፤ ሰነዱ አይጸናም።»

«እንግዲያው ይምረጥ» አልሁ።

ዋርሳዬ የያዘውን ሐረግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጣቱን በሱሪው ጠረገ፤ ወጣ። የውጭው በር ሲዘጋ ሁላችንም ሰማን። ውል አዋዋዩ «ይሄም ይጻፍ?» አለኝ። ይጻፍ።

አምስተኛ፣ እሱ እስኪመለስ፣ ከተመለሰ፣ ለልጆቼ የምለው አለኝ። ሐረጉ ከመሬት ሲወጣ ጠንካሮቹን ሦስት ቡቃያ ብቻ አስቀሩ፤ ለሁሉ እናዝን ያላችሁ እንደሆነ ሁሉም ይቀጭጫል። በገመዱ ላይ ስትጠመጥሙት እንደ ሰዓት ቆጣሪ በቀኝ አዙሩት፤ በግራ ብታዞሩት በማግሥቱ ፈትቶ ይጠብቃችኋል። አበባው መድረሱን ለማወቅ በዐይን አትመኑ፤ በሁለት ጣት ይዛችሁ ጆሮአችሁ ሥር ጨመቅ አድርጉት፤ እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። እኔ በለቀማ ሰሞን የሞትሁ እንደሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ለቀማውን ጨርሱ። እኔ የትም አልሄድም።

ሴት ልጄ «እማዬ፣ አሁን ይሄን ምን አናዘዘሽ? በሰላም ትኖሩ የለ?» አለችኝ። ልጄ፣ እሱ በሰላም ነበር፤ እኔ አልነበርሁም። ከአባትሽ ወዲህ በየማለዳው በስሜ እየጠራ «አደርሽ?» የሚለኝ ይህ ሰው ብቻ ነው። ነገ በግንቡ ላይ ብቅ ካላለ ምን እንደምሆን አላውቅም። ፈርቻለሁ፤ ውል አዋዋይ፣ ፈርታለች ብለህ ጻፍ።

አሁን ከግንቡ ማዶ የዶማ ድምፅ ይሰማል። መምህርት በመስኮት አይታ «እየቆፈረ ነው» አለች። ጫማ ሰፊው «መቃብር ይሆን?» አለ። «ለማን?» አልሁት። ዳቦ ጋጋሪው ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ። ከሩብ ሰዓት በላይ ጠበቅን። በዚህ መካከል አንድ ቅርጫት ሞልቷል።

ዋርሳዬ ተመልሷል። እስከ ጉልበቱ አፈር ነው። ክንድ የሚያህል ሥር ጠረጴዛው ላይ፣ በተለቀመው አበባ መሀል፣ ዘፍ አደረገው። ወንዴው ነው። ውል አዋዋዩ ወረቀቱን ከአፈሩ አሸሽቶ ብዕሩን አቀበለው።

«አልፈርምም» አለ።

ወንድ ልጄ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጋሼ፣ እባክህ፤ አሮጊት ናት፤ ተዋት…»

«ዝም በል አንተ። ምስክር አይወርስም አላለም ይሄ ሰውዬ? ታዲያ እንዴት ነው የምፈርመው? ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨርሻለሁ።»

 እኔም የማውቀውን ተናገርሁ። «ሴቴዋ አሁን አትነቀልም። ሐረጉ ደርቆ ሥሩ ሲተኛ ነው የሚቆረጠው። ስድስት ወር ይቀራል።»

«አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀ ሰው ስድስት ወር ያቅተዋል?» አለኝ። «ግን ስሚኝ፣ አንቺ ሴትዮ። በወረቀት የመጣ ሥር አልቀበልም። በጋዜጣ የተጠቀለለም አልቀበልም። አንቺ ራስሽ በእጅሽ ስትቆርጪ አጠገብሽ ቆሜ አያለሁ። አንዴ ተሸውጃለሁ። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የትም እንዳትሄጂ።»

ውል አዋዋዩ «እንዲህ ያለ ግዴታ በኑዛዜ አይገባም፤ ተናዛዧ በሕይወት መኖር አለባት ማለት ነው» አለ። «አስገባው» አልሁት። ገብቷል።

ሴት ልጄ ከመንገድ ማዶ ፀጉር ሠሪዋን፣ ደንበኛዋን በግማሽ ቁርጥ አስቀምጣ እንድትመጣ ለምና አምጥታታለች። የተባለው ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድጋሚ ተነቦላታል፤ ሁለት ቦታ ላይ «ይደገምልኝ» ብላ ተደግሞላታል። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሌላ ኑዛዜ የለም፤ ቢገኝም ይህ ሽሮታል። ቃሌ ሁሉ ለእኔም ተነቦልኝ፣ አንዲት ሳትጨመር አንዲትም ሳትቀነስ የእኔ መሆኗን አረጋግጬ፣ በቢጫ ጣቴ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ እትዬ ሚዛን፣ ፊርማና አሻራ።

አንደኛ ምስክር፦ መምህርት፣ ፊርማ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ጫማ ሰፊ፣ ፊርማ።

ሦስተኛ ምስክር፦ ዳቦ ጋጋሪ፣ ፊርማ።

አራተኛ ምስክር፦ ፀጉር ሠሪ፣ ፊርማ።

የውል አዋዋይ ማረጋገጫ፦ ከላይ በአራተኛ ምስክርነት ተመዝግቦ የነበረው ዋርሳ በገዛ ፈቃዱ ተሰርዟል። የተሰረዘበት ምክንያት፦ ወራሽ ሆኗል።