ከልመናው የቀረች ልጅ

«ከእነዚህ ሰባት እስረኞች መካከል በሥጋ የሚዛመደኝ አንድም ሰው የለም፤ ስለዚህ ልመናዬ ንጹሕ ነው።»

ለመንግሥት በላክኸው የልመና ደብዳቤ ላይ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ማኅተምህ ከሥሩ አለ። እሑድ በየአጥቢያው ሲነበብ እኔም ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ሰማሁት።

ለብፁዕ አባታችን፣ ከዚያም በፊት ለታናሽ ወንድሜ፦ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ደረጃ መውጣት ቻለ? ሳሉስ ተወህ? ቡራኬህ ይድረሰን። እኛ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። በሰው ፊት እርስዎ እልሃለሁ፣ መስቀልህንም እሳለማለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ በልጅነትህ ጋሼ የምትለኝ ሰው ነኝ።

ልጄ መቆም ስትማር የቀሚስህን ጫፍ ጨብጣ ነው የተነሣችው። አሁን ነርስ ናት። በሰልፉ ቀን የቆሰሉትን ሰፍታ፣ የበሽተኞቹን ስም አልሰጥም በማለቷ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ከክሊኒኩ ተወሰደች። ስምንት ሆነው ተወሰዱ፤ አንተ ለሰባቱ ለመንክ።

ተሳስተህ ይሆናል ብዬ ስልክ ደወልኩ። ያነሣው ጸሐፊህ ነው። ብፁዕነታቸው መነኩሴ ናቸው፣ መነኩሴ ደግሞ የወንድም ልጅ የለውም አለኝ፤ ለዘመዳቸው አደሉ እንዳይባሉ ነው ሲልም አከለበት። ቃሉን ሳያዛባ ነው የነገረኝ፤ ያንተ ቃል መሆኑ ገብቶኛል።

ያ ቃል እስር ቤቱ በር ድረስ ምን ሆኖ እንደደረሰ ልንገርህ። ማክሰኞ ቅያሪ ልብሷን ይዤ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ሳያየኝ የሚቀበለኝ ዘበኛ ፌስታሉን መለሰልኝ። አጎቷ ጳጳሱ አይደሉም እንዴ አለኝ፤ እሳቸው እንኳ ለሌላው ለምነው እሷን ከተዉአት አንድ ነገር ቢያውቁባት ነው። ክፋት አልነበረውም፤ እንደ ምክር ነው የነገረኝ። ከሰባቱ ለይተው ለብቻዋ አድርገዋታል፤ የት እንደሆነ አይነግሩኝም። ኅዳር ሃያ አንድ ሰባቱ በዋስ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ የእሷ መዝገብ ግን ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል ተብሏል።

ወንድሜ፣ ፈርቻለሁ። መንገድ ላይ መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ እኔና ባለቤቴ የጀመርነውን ወሬ እናቋርጣለን። እስኪነሣ ድረስ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ሃያ ስምንት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ መስመር ማቅናት አቅቶኛል። ባለቤቴ ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? ዕድሜህን ሙሉ ስለ ጳጳሳት ስታስተምር ኖረህ፣ አንዱን ጳጳስ ስልክ ማስነሣት አቃተህ አለችኝ። ሳቅን፤ ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች።

ስለ ጥንቶቹ ጳጳሳት የጠየቅከኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አትናቴዎስ አምስት ጊዜ መሰደዱን፣ አምብሮስዮስ በተሰሎንቄ ስለፈሰሰው ደም ንጉሠ ነገሥቱን ንስሐ ማስገባቱን አብረን አነበብን። አንተ የወደድከው አምብሮስዮስን ነበር። እሱም ወንድም ነበረው። ያ ወንድሙ ሲሞት በሕዝብ ፊት አልቅሶ፣ ወንድሜ እያለ ሰበከ። ዘመዱን በመውደዱ ጵጵስናው አልጎደለበትም። አንተ ንጽሕናህን የገዛኸው በልጄ ነው።

አብረውህ ያሉትን አረጋዊ አባ እጅ ንሣልኝ። ሾፌርህንና ምግብ አብሳይህን ሰላም በልልኝ። ጸሐፊህንም ሰላም ብያለሁ። ባለቤቴ ሰላምታ ላክልኝ አላለችም፤ ታናሽየው ልጄ ግን አጎቴን ሳምልኝ ብሎኛል።

እስከ ኅዳር አሥራ ስምንት በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ፤ በስልክ አይደለም፣ በጸሐፊህም በኩል አይደለም። ስምንተኛዋ እስረኛ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ክፉ ነገር አላውቅባትም ብለህ ጻፍና አትምበት። አልችልም ካልክም አልችልም የሚለውን በገዛ እጅህ ጽፈህ ፈርምበት። እናቷ ስትጠይቀኝ የማነብላት ነገር ያስፈልገኛል።

ከታላቅህ ቤት
ኅዳር 9 ቀን