ለባልየው የጨመርኩለት ሽባነት

ሚያዝያ 3
ዛሬም ከትምህርት ቤት መልስ አክስቴ ጠረጴዛ ላይ። አክስቴ የመንግሥት ቤቶች ቢሮ በር ላይ ተቀምጣ ለሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፤ እኔ በንጹሕ ወረቀት እገለብጣለሁ። ሦስት ማመልከቻ፣ ሦስቱም «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብለው ይጀምራሉ። እንዲህ እየገለበጡ ደራሲ መሆን ይቻላል? እንቅልፋም መሆን ግን ይቻላል።

ሚያዝያ 5
ልብስ አጣቢዋ መጣች። ከቢሮው የተከራየችው ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምት ሳይገባ ይጠገንልኝ ነው የምትለው። አክስቴ ሁለት መስመር ጻፈችና «ገልብጪው» ብላኝ ሻይ ልትጠጣ ሄደች።

ሁለት መስመር! በዚህ ማን ያለቅሳል? ለባልየው ትንሽ ሽባነት ጨመርኩለት። ራሴው አንብቤ እንባዬ መጣ... የተባረከ እጅ!

ሴትየዋ ማንበብ አትችልም። አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ አሳረፈችበት።

ሚያዝያ 16
ጉድ ፈላ። የቢሮው ተቆጣጣሪ ቤቱን ሊያይ ሄደ። ዝናብ ነበር። ሲገባ ሽባው ባል አልጋውን ብቻውን ተሸክሞ ከሚያፈሰው ጥግ ሲያሸሽ አገኘው።

ማመልከቻው «ሐሰተኛ» ተብሎ ተመለሰ። አክስቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ደራሲዋ... በሰው ጣሪያ ነው የተጫወትሽው» ብቻ አለች። ልብስ አጣቢዋ ደግሞ «ልጄ፣ ባሌ ምን በደለሽ?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ሚያዝያ 17
አክስቴ ደብተር አስይዛ ልብስ አጣቢዋ ቤት አስቀመጠችኝ። «ያየሽውን ብቻ። አንድ ቃል ከጨመርሽ ወዮልሽ!»

ዘነበ። ወለሉ ላይ አምስት ድስት፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ሳፋ። ባልየው ጃንጥላ ዘርግቶ ምሳውን ይበላል። ቤት ውስጥ! ሚስቱ አጠገቡ ስትቀመጥ ጃንጥላውን ወደ እሷ ያዘነብለዋል፤ የሱ ትከሻ ይረጥባል። «ለምደነዋል» አለኝ። ሳቄ መጣ... ከዚያ ጠፋ። እንዳለ ጻፍኩት። ከሽባነቱ ይልቅ ይሄን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ለምን?

ሚያዝያ 20
አክስቴ «ልጅቷ በዓይኗ ያየችው ነው» ብላ ተቆጣጣሪውን ለምና አዲሱን ማመልከቻ አስቀበለችው። እንቅልፍ የለም።

ግንቦት 2
ተቆጣጣሪው ጠረጴዛችን ድረስ መጣ። ልብስ አጣቢዋም አጠገባችን ቆማ ነበር።

«ጣሪያው ይጠገናል» አለ። ልብስ አጣቢዋ እልል አለች። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ጃንጥላውን ፈጥረሽው ነው፣ አይደል?» አለኝ።

ልምል ስል አክስቴ ቀደመችኝ። «እሷ? ከራሷ አንድ ቃል መፍጠር አትችልም!»

ስንት ዓመት ስትሰድበኝ፣ እንደዛሬው ጣፍጦኝ አያውቅም።