ለልጅ ልጄ ሁለተኛ አያት ስለ መሾምዎ

ለተከበሩ ዶክተር ዳግማዊ፣
የነባር ማኅበረሰቦች የአካባቢ ጥበቃ የመስክ ቴክኒሻኖች የተግባር ስልጠና አስተባባሪ፣
ካይሮ

ግልባጭ፦ ለሀረም ሰፈር ኢትዮጵያውያን በሙሉ፣ ማንበብ ለማይወዱትም ጭምር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጉልበትዎ ደረጃ ላይ እንዳይዝል፣ ዓይንዎ ኮምፒውተር ላይ እንዳይደክም፣ በተለይም ሆድዎ በውሃ ምክንያት እንዳይታወክ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል። እኔ ተመስገን ነው፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ስሜ ወልዴ ይባላል። ከሀረም ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ ሊፍቱ ሲሠራ አምስተኛ ፎቅ፣ ሳይሠራ ደግሞ ሰማይ ቤት በሚሆን አፓርታማ ውስጥ ከልጅ ልጄ ከኑሀሚን ጋር እኖራለሁ። እናቷ ለሥራ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ኑሀሚንን ያውቋታል። ከኑቢያ ልጆች ጋር ቀላቅለው ወንዝ እንድትለካና አፈር እንድትመረምር ያሠለጠኗት፣ ከዚያም ባለፈው ሳምንት ወደ አስዋን የኑቢያ መንደሮች ከሚሄደው የመስክ ቡድን ስሟን የሰረዙት ልጅ ናት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስሟን እንዲመልሱ ለመለመን ነው። በግል ብጽፍልዎ ኑሀሚን ወረቀቱን ከእጄ ትቀማኛለች፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ካነበበው በኋላ ትቅማኝ ብዬ በአደባባይ አደረግሁት። ነገር ግን በባዶ ሆድ መለመን አልችልበትምና በቅድሚያ ቅሬታዎቼን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ አያት ሹመቱ።

ስልጠናችን በወረቀት ሳይሆን በእጅ ነው ብላችሁ፣ ሠልጣኞቹን ወንዙን ከሚያውቁ የኑቢያ ሽማግሌዎች ጋር ጀልባ ላይ ማውጣታችሁን ስሰማ አመስግኜ ነበር። ወንዙ ዳር የሚኖር ሰው የወንዙን ጤና ራሱ ይለካ፣ መሣሪያውም በራሱ እጅ ይግባ ማለታችሁ፣ ከቀልድ ውጭ፣ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ልጄን ያስቀመጧት ሀጅ ኢድሪስ ጀልባ ላይ ነው። ሀጅ ኢድሪስ ማለት መንደሩን የአስዋን ግድብ ውሃ ሲውጠው በሕፃንነቱ ተነሥቶ ካይሮ የገባ፣ ዛሬ እዚሁ ወንዙ መካከል ባለው ዳሀብ ደሴት ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ የኑቢያ ሰው ነው። ሠልጣኞቹ ሁሉ «ጌዶ» ይሉታል፤ በዚህ አገር ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። የእኔዋም «ጌዶ» አለችው።

ክቡር ዶክተር፣ ይህች ልጅ አያት አላት። አያቷ በሕይወት አለ፤ ጥርሱም አብዛኛው አለ። ክፍት ቦታ ሳይኖር ሰው መቅጠር የየትኛው መሥሪያ ቤት አሠራር ነው? ቢያንስ ማስታወቂያ ቢያወጡ እኔም እወዳደር ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሃው ዕድሜ።

ኢድሪስ ወንዙን ያውቃል አሉ። እኔ የተወለድኩት ውሃው ከሚፈልቅበት፣ ከሰከላ ነው። ይህን ውሃ ገና ልጆች ሆነን በአንድ ዝላይ ስንሻገረው አውቀዋለሁ። ኢድሪስ ያገኘው ካረጀ በኋላ፣ ስንቱን አገር ዞሮ የስንቱን ጉድ ከተሸከመ በኋላ ነው። እርግጥ ይህን ጮክ ብዬ አልናገርም፤ በዚህ ከተማ ስለዚህ ውሃ ጮክ ብሎ መናገር ለጤና አይበጅም። ለኑሀሚን ብቻ በጆሮዋ ብነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ጌዶ ኢድሪስ ግን ውሃ የሚታወቀው ደረት በመንፋት ሳይሆን ዳሩ ላይ በመዋል ነው ይላል።» ይበል። እኔ ምን አልኩት?

ሦስተኛ፤ ስለ ቤቴ።

ከስልጠናችሁ ወዲህ ቤቴ የመስክ ጣቢያ ሆኗል። ውሃ ስጪኝ ስላት ብርጭቆውን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ፣ ደፍታ፣ ከዚያ ነው የምትቀዳልኝ፤ የናሙና ዕቃ የሚያዘው እንዲያ ነው አሉ። ሻዬ ውስጥ ቀለሙ የሚለዋወጥ ወረቀት ትነክርና «አባባ፣ ሎሚ አብዝተሃል» ትለኛለች። ሎሚውን የጨመቅሁት እኔ፣ ሻዩን የምጠጣው እኔ፣ ምስክሩ ወረቀት! ደግሞ በገመድ የታሰረ ጥቁርና ነጭ ሰሃን ሰጥታችኋታል፤ ወንዝ ውስጥ እየለቀቁ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ይለኩበታል። ሰሃኑን የሰቀለችው የእኔ ፎቶግራፍ በነበረበት ምስማር ላይ ነው። ፎቶግራፌ አሁን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብቶ፣ እሱም ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት እየለካ ይገኛል።

አመሻሽ ላይ እጄን ይዛኝ እስከ ማርዮቲያ ቦይ ድረስ እንሄድ ነበር፤ እኔ የድሮ ታሪክ አወራላታለሁ፣ ከፊሉም እውነት ነው። ከስልጠናው ወዲህ ግን ታሪኩ ጥሩ ቦታ ሲደርስ እጄን ትለቅና ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብላ ውሃ ላይ የሚንሸራተት ትኋን መሰል ነፍሳት ስትመለከት ትገኛለች። በሰው ብቀና አንድ ነገር ነው። በትኋን አስቀናችሁኝ።

አራተኛውን ረስቼዋለሁ፤ እንዳለ ይቆጠርልኝ።

አምስተኛ፤ ጠፉ ስለተባሉት ጠርሙሶች።

ኑሀሚን ሐሙስ ከሰዓት ከደሴቱ ማዶ ካለው የፍሳሽ ቦይ አፍ የቀዳቻቸውን ሦስት ጠርሙሶች ይዛ ቤት ገባች። ዓርብና ቅዳሜ ላቦራቶሪያችሁ ዝግ ነው፤ በናሙናው ሳጥን ውስጥ የነበረው በረዶም ማይክሮባስ ውስጥ ቀልጧል። ስለዚህ ጠርሙሶቹን ፍሪጅ አስገባችና «አባባ፣ ጌዶ ኢድሪስ እንዳለው…» ብላ ጀመረች። እኔ «ጌዶ ኢድሪስ» የሚለውን ስሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። የቀረው የንግግሯ ክፍል፣ አሁን እንደተረዳሁት፣ «እንዳትነካቸው» የሚል ነበር።

በማግሥቱ እማዋይሽ መጣች። እማዋይሽ ሞሃንዲሲን ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የጎንደር ልጅ ናት፤ ዓርብ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ እኛ ዘንድ ትውላለች። ራሷን ለሁለት ሊከፍላት ደርሶ «አባባ ወልዴ፣ ጠበል አላችሁ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ ይቀርባል? እሷው ራሷ ከአባሲያ ቤተ ክርስቲያን እያመጣች በላስቲክ ጠርሙስ የምታስቀምጥልን ጠበል ከፍሪጃችን ጠፍቶ አያውቅም። ከፈትኩ፤ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ትንሽ ደፍረስ ብለዋል፤ እምነት ተበጥብጦባቸው ይሆናል ብዬ ይበልጥ አከበርኳቸው።

አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ አንዱን በራሷ ላይ አፈሰስኩላት። ከሁለተኛው እኔ አንድ ጉንጭ ተጎነጨሁና የቀረውን በመቃኑ ላይ ረጨሁ። ሦስተኛውን እማዋይሽ በማዳሟ መኝታ ቤት በር ላይ ልትረጨው ይዛው ሄደች፤ ማዳሟ ጩኸት ስለማታቆም ነው። ውጤቱ ለሪፖርትዎ ይጠቅም እንደሆነ፦ የእማዋይሽ ራስ ምታት እዚያው ለቀቃት። ማዳሟም ሳምንቱን ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሰንብታለች ተብሏል። እኔ ግን እስከ እሁድ ድረስ ከመጸዳጃ ቤት ሳልወጣ ስለ ስልጠናችሁ በጥልቀት አሰላሰልኩ።

እሁድ ጠዋት ኑሀሚን ፍሪጁን ከፈተች። ጠበሉ እንዳለቀ ነገርኳት። ቆማ አየችኝ፣ ፍሪጁን ዘጋችውና «ኸላስ አባባ፣ ማሌሽ»፣ በቃ ግድ የለም ብላኝ ብቻዋን ወደ ቢሮዎ ሄደች። ከሰዓት ስትመለስ ስሟ ተሰርዟል። ምክንያቱም «የጥንቃቄ ጉድለት» ነው ተባለ።

ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። አስዋን ቀረ፣ ጀልባው ቀረ፣ ጌዶ ቀረ። ካፖርቴን ደርቤ «በይ ወደ ቦዩ እንውረድ» አልኳት። እሺ ብላ እጄን ያዘች። ምርጥ ታሪኬን አወጣሁ፤ በሚሳቅበት ቦታ ሁሉ ሳቀች። ቦዩ ጋ ደርሰን፣ ዳሩን ይዘን ሄደን፣ ተመለስን። አንዴም ወደ ውሃው አላየችም። ክቡር ዶክተር፣ ያቺ ልጅ በውሃ ዳር አንገቷን አቅንታ ስታልፍ እኔ የማወራው ታሪክ አፌ ውስጥ ተበላሸብኝ።

በበነጋው ከኢድሪስ ጋር ልጣላ ወደ ደሴቱ ሄድኩ። ከአንድ ሰው ጋር መጣላት ነበረብኝ፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጀልባውን ገልብጦ ሲያድስ አገኘሁት። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ ከእኔ የበዛ ሰው ነው፤ ይህ ራሱ ስድስተኛ ቅሬታ ሊሆን ይችል ነበር። ገና ሳየው አፌን ሳልከፍት «የኑሀሚን አባባ አንተ ነህ?» አለኝ። «አባባ» የምትለውን በእኛው ቋንቋ ነው ያላት።

«አዎ» ስለው መዶሻውን ወርውሮ ጮኸብኝ፦ ነፋሱን ሳሳያት «አባባ እንዲህ ይላል»፣ ዓሣ ሳሳያት «አባባ በልጅነቱ እንዲህ አድርጎ ነበር»፤ ይባስ ብሎ የራሴ የልጅ ልጆች ያንን የሐበሻውን ሽማግሌ ታሪክ ንገረን እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ እኔ እኮ የሞትክ ሰው መስለኸኝ ነበር የምጽናናው፣ አለኝ። ለካ ከውሃው ወዲያ ማዶ ሆኖ ሌላ ሽማግሌ በእኔ ሲቃጠል ከርሟል! እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ከወጣሁ ወዲህ አላየሁም። ሻይ አፈላልኝ፤ ሎሚ አሳንሶበታል።

ከዚያ ኢድሪስ የማላውቀውን ነገረኝ። ኑሀሚን ቢሮዎ ገብታ «ከእኔ እጅ ነው የጠፋው፣ ማንም የለበትም» ብቻ ነው ያለችው። ስለ ሽማግሌ፣ ስለ ጠበል፣ ስለ እማዋይሽ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እርስዎም «እጅሽ ላይ ጥንቃቄ የለም» ብለው አሰናበቷት።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እናገራለሁ፦ ናሙናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በቅናት ጀምሬ በጸሎት ጨረስኩት። ለአያቷ ብርጭቆ እንኳ ሦስት ጊዜ የምታለቀልቅ ልጅ ጥንቃቄ ከጎደላት፣ ጥንቃቄ የሚባለውን ነገር አንድ ቀን ያሳዩኝና ልወቀው። ጓንት አጠላለቅ አስተምራችኋል፣ ጀልባ አስተሳሰር አስተምራችኋል፤ ሁሉም መልካም ነው። ለማኅበረሰቡ ነው የቆምነው ስትሉ ግን፣ በማኅበረሰቡ ፍሪጅ ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ ከመካከላችሁ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በነጻ የመረመርኩላችሁ እኔ ነኝ፤ ምስጋናውን አልጠይቅም።

የመስክ ቡድኑ በመጪው ሳምንት ይነሣል። ኑሀሚን ከእነሱ ጋር ትሂድ። ለናሙና ብቻ የሚሆን የአዲስ ፍሪጅ ጉዳይ እርስዎ ያስቡበት፤ የእኔን ነገር ደግሞ እኔው አስብበታለሁ። እጄን የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር እስከ ቦዩ ድረስ መሄድ እንደምችል ከትናንት ጀምሮ እየተለማመድኩ ነው፤ የመንገዱን ግማሽ ችያለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለስብሰባዎችዎ፣ እንዲሁም በሽምግልናዬ ባልንጀራ ስላስገኙልኝ እያመሰገንኩ፣

ከከፍተኛ አክብሮትና ከመጠነኛ የሆድ ሕመም ጋር፣

ወልዴ
የኑሀሚን የመጀመሪያ፣ ነባርና ቋሚ አያት
ሀረም፣ ጊዛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጠርሙስ ውሃ ለበር ጠባቂዎ ትቼልዎታለሁ። ከዚያው ከፍሳሽ ቦዩ አፍ፣ ኢድሪስ ቀበቶዬን ይዞኝ፣ እኔው ነኝ የቀዳሁት። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አለቅልቄዋለሁ፣ አፉን ወደሚመጣው ውሃ አዙሬዋለሁ፣ በረዶው ውስጥ አስገብቼም እንደ ሕፃን ታቅፌው በማይክሮባስ አምጥቼዋለሁ፤ ይህን ሁሉ ከማን እንደተማርኩ ያውቃሉ። የዚያ ሐሙስ ውሃ ግን አሁን ባሕር ገብቷልና ልመልሰው አልቻልኩም። የልጄ ስም ካልተመለሰ ጠርሙሱን ከመመርመር ይልቅ ይጠጡት፤ ለራስ ምታት ፍቱን መሆኑን እማዋይሽ ትመሰክራለች። ከተመለሰ ደግሞ አንድ ልመና ብቻ ቀርቶኛል፦ አስዋን ላይ ሌላ ጌዶ የሚሰጧት ከሆነ፣ እባክዎን፣ ታሪክ ማውራት የማይችል ይምረጡላት።